ለስንዴው ዋግ ማሳ ድረስ የወረደው ምርመራ ለቁንጭር ለምን ራቀ?

የደጋ አርሶ አደር በስንዴው ቅጠል ላይ እንደ እርድ ዱቄት ያለ ቢጫ ብናኝ ካየ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። የግብርና ባለሙያውን ይጠራል፤ ባለሙያው የታመመውን ቅጠል ቆርጦ በወረቀት ፖስታ ያሽገዋል፤ ፖስታውም ወደ ምርምር ማዕከል ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሆለታ ከዚህ አንድ እርምጃ የቀደመ ሥራ ተሞክሯል። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል እና የእንግሊዙ ጆን ኢነስ ማዕከል በጋራ ያዘጋጁት፣ ማርፕል የተባለ በሻንጣ ተይዞ የሚንቀሳቀስ የዘረመል ምርመራ የቢጫ ዋግን ዝርያ ለመለየት ወራት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ 48 ሰዓት አወረደው። ላብራቶሪው ወደ ማሳው ቀረበ ማለት ነው።

በዚያው ደጋ፣ ምናልባትም በዚያው ቀበሌ፣ በአንድ ልጅ ጉንጭ ላይ የወጣች ትንሽ እብጠት ግን ይህን ዕድል አታገኝም። እብጠቷ በወራት ውስጥ ትሰፋለች፤ ትቆስላለች፤ ቅርፊት ታበጃለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ ቅጠል ይሞክራል፤ ቀጥሎ ጸበል ይወስደዋል፤ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሲደርስ ቅባት ይሰጠዋል። ቁስሉ ቁንጭር መሆን አለመሆኑን በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ተቋም ጋ የሚደርሰው፣ ከደረሰ፣ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመትና ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ጠባሳው ያኔ ሥራውን ጨርሷል።

ልዩነቱ የሳይንስ እጥረት አይደለም። የቁንጭርን ተሕዋስ በዘረመሉ የሚለየው ዘዴ ከስንዴው ዋግ ምርመራ ያነሰ ጊዜ የሚጠይቅ፣ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማትም የሚታወቅ ነው። የጎደለው ናሙናው ከገደሉ ሥር እስከ ላብራቶሪው፣ ውጤቱም ከላብራቶሪው ተመልሶ እስከ ሕመምተኛው የሚጓዝበት መንገድ ነው። ይህን ለመረዳት በሽታውን፣ ቀጥሎም የምርመራ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

ቁንጭር በሕክምናው አጠራር የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ይባላል፤ በትግራይ ጊዝዋ ይሉታል። በሀገራችን በሽታውን በአብዛኛው የሚያመጣው ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ የተባለ፣ ስሙን ከሀገራችን የወሰደ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱን ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ በምሽት የምትንቀሳቀስ፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነፍሳት ናት። ስሟ አሸዋን ይጥራ እንጂ ቁንጭርን የምታስተላልፈው ዝንብ ቤቷ ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ የገደል ስንጥቅ፣ ዋሻ፣ የድንጋይ ካብ፣ ሽኮኮ የሚያድርበት ጥግ። ስለዚህ የበሽታው ካርታ ከገደሎቻችን ካርታ ጋር ይገጥማል ማለት ይቻላል። በደቡብ ወሎ ኩታበር፣ በደቡብ ጎንደር ታች ጋይንት፣ በትግራይ ሳዕሲዕ ፃዕዳ እምባ፣ በደቡብ ደግሞ ከአርባ ምንጭ ብዙም በማትርቀው አለታማ መንደር ኦቾሎ በሽታው ለዓመታት ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በስልጢ ወረዳ ወረርሽኝ ሆኖ ታይቷል።

በሽታው አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ መኖሩ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ብዙው አንባቢ በእንዶድ ምርምራቸው የሚያውቃቸው ዶክተር አክሊሉ ለማ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ጥናት የሌሽማኒያሲስን ስርጭት በሀገሪቱ ለማወቅ ከተደረጉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ተሕዋሱ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ተቆጥሮበታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የተሳተፉበት ግምት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰዎች በቆዳ ሌሽማኒያሲስ እንደሚያዙ ያሳያል። በጤና ተቋማት መዝገብ የሚሰፍረው ቁጥር ግን ከዚህ ግምት በእጅጉ ያነሰ ነው። በግምቱና በመዝገቡ መካከል ያለው ክፍተት የሚያሳየው በሽታው መጥፋቱን ሳይሆን ሕመምተኛው ምርመራ ጋ አለመድረሱን ነው።

ቁንጭር አይገድልም፤ የተዘነጋውም በዚህ ይመስላል። ነገር ግን የሚወጣው በብዛት ፊት ላይ ነው፤ የሚይዘውም በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። የአንዳንዱ ቁስል ከወራት በኋላ ጠባሳ ትቶ በራሱ ይድናል። የሌላው ወደ አፍንጫና ከንፈር ዘልቆ ሥጋውን ይበላል። ሦስተኛውና እጅግ አስቸጋሪው ዓይነት ደግሞ ሳይቆስል፣ እባጭ በእባጭ ሆኖ ፊትን፣ ጆሮን፣ እጅንና እግርን ያለብሳል፤ ለዓመታትም ይቆያል። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ሥጋ ደዌን ይመስላል። ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው በቁንጭር፣ ቁንጭር ያለበት በሥጋ ደዌ ተሳስቶ ሲታከም የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራምና። የሥጋ ደዌ ሕክምና ወራት የሚወስድ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተሳሳተ ክኒን የዋጠ ሰው ጊዜውንም፣ ፊቱንም ያጣል፤ በሌለበት በሽታ ስምም ከጎረቤት ይገለላል።

የቁንጭር መድኃኒትም ቢሆን እንደ ዋዛ የሚሰጥ አይደለም። ለረጅም ዘመን የተሠራበት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው መርፌ ነው። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ በቁስሉ ውስጥ ይወጋል፤ ከበድ ካለ ደግሞ በጡንቻ በየዕለቱ እስከ አራት ሳምንት ይሰጣል። ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ሚልቴፎሲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ለፅንስ አደገኛ በመሆኑ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እንግዲህ አንድን አርሶ አደር በአዝመራ ወቅት ለአራት ሳምንት ሆስፒታል የሚያስተኛ፣ ልቡንም ሊነካ የሚችል መድኃኒት ከመጀመር በፊት በሽታው ቁንጭር መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ የሚገምተው ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ትክክል መሆን ለዚህ አይበቃም።

በሀገራችን ሆስፒታሎች ዛሬም የመጀመሪያው ምርመራ ማይክሮስኮፕ ነው። ባለሙያው የቁስሉን ጠርዝ ደም እንዳይበዛ በጣቱ ቆንጥጦ ይይዛል፤ በስለት ቀጭን ጭረት ያወጣል፤ የጠረገውን በመስታወት ላይ ይቀባል፤ ጂምሳ በተባለ ቀለም ያቀልማል፤ ከዚያም አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጎላ ሌንስ ተሕዋሱን ይፈልጋል። የሚፈለገው ነገር በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ የተደበቀ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነጥብ ያለው ሞላላ አካል ነው። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ያየ ዓይን ካየ ደግሞ አይታበልም። ችግሩ አለማየቱ ነው። ቁስሉ በቆየ ቁጥር ተሕዋሱ ይመነምናል። ሕመምተኞቻችን ደግሞ ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ማይክሮስኮፑ በሚደክምበት ጊዜ ላይ ይደርሳሉ። ባለሙያው በቀን ብዙ የወባና የቲቢ መስታወት የሚያይ ከሆነ ለአንዱ የቁንጭር መስታወት የሚያውለው ደቂቃ ያንሳል። «አልታየም» ተብሎ የሚጻፈው ውጤት «የለም» ማለት አይደለም፤ ወደ ሕመምተኛው ጆሮ ሲደርስ ግን «የለም» ሆኖ ይሰማል። ተሕዋሱን በላብራቶሪ ማሳደግም የሚቻል አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ በማሳደጊያ ውስጥ አስቸጋሪ ነው፤ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ባክቴሪያ ከገባበትም ይበላሻል።

ሞለኪውላዊው ምርመራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፒሲአር የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ የተፈለሰፈ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ነው። አሠራሩን ለገበሬ ማስረዳት አይከብድም። አንድ ፍሬ ብቻ ይዞ ሁለት የሚያፈራ ዘር አለ እንበል። ሁለቱ ተዘርተው አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ፤ ሠላሳ ጊዜ ከተዘራ ፍሬው ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ፒሲአር ይህን የሚያደርገው በተሕዋሱ ዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ነው። ናሙናው በመጀመሪያ በኬሚካል ይፈታል፤ ዲኤንኤው ተጣርቶ ይወጣል። ከዚያም የሚፈለገውን ቁራጭ ብቻ የሚያውቁ፣ ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር የዘረመል ክሮችና ኢንዛይም ይጨመሩበታል። ማሽኑ ቱቦውን ወደ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሞቃል፣ ያበርደዋል፣ ወደ 72 ዲግሪ መልሶ ያሞቀዋል፤ ይህን ሠላሳና አርባ ጊዜ ይደጋግማል። ተሕዋሱ ከሌለ ፕራይመሮቹ የሚይዙት አያገኙም፤ ምንም አይበዛም።

የትኛው ቁራጭ ይፈለግ የሚለው ጥያቄ ለውጤቱ ወሳኝ ነው። የሌሽማኒያ ተሕዋስ ኪኔቶፕላስት በተባለው ክፍሉ ውስጥ በአንድ ሕዋስ እስከ 10 ሺህ ገደማ የሚደርሱ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች አሉት። እነዚህን የሚፈልግ ፒሲአር በናሙናው ውስጥ የአንድ ተሕዋስ ስባሪ እንኳ ቢኖር ሊያገኘው ይችላል፤ ለ«አለ ወይስ የለም» ጥያቄ ጥሩ ነው። የትኛው የሌሽማኒያ ዝርያ ነው ለሚለው ግን ሌላ የዘረመል ቁራጭ፣ ተጨማሪም ሥራ ያስፈልጋል። ይህ ለተመራማሪ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር እንዳይመስል። ከመተማና ከሑመራ ቆላ የሚመለሰው የቀን ሠራተኛ ካላዛርን የሚያመጣውን የቅርብ ዘመድ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል፤ በአዋሽ ሸለቆም ሌላ ዝርያ ተገኝቷል። ሰው በሥራ ፍለጋ ከደጋ ቆላ በሚመላለስበት ሀገር ቁስልን በመልክ፣ ዝርያን በአድራሻ መገመት እየከበደ ነው።

በግብርና ኮሌጅ ከተማርነው አንድ ነገር እዚህ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የስንዴ ማሳዎችን ሲያጠቃ ኩብሳን የመሳሰሉ በስፋት የተዘሩ ዝርያዎች ተመቱ። የዋጉ ብናኝ በዓይን ሲታይ ግን ከቀድሞው አይለይም ነበር፤ የተለወጠው በውስጡ ያለው ዘር ነው። ከዚያ በኋላ የዋግን ዝርያ መለየት ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የስንዴ ልማት አካል ሆነ። የሰው ቆዳ ከስንዴ ቅጠል ያነሰ ጥንቃቄ ይገባዋል የሚል ሰው አይኖርም፤ በጀቱ ሲመደብ ግን እንደዚያ ይመስላል።

ፒሲአርን የሚያወድስ ሁሉ ጉድለቱንም መናገር አለበት። የመጀመሪያው ብክለት ነው። አንዲትን ቁራጭ ቢሊዮን ጊዜ የሚያበዛ ዘዴ፣ ከትናንቱ ናሙና በአየር ወይም በጓንት የተሻገረችን ኢምንት ብናኝም ያበዛታል። ስለዚህ ናሙና የሚፈታበት፣ ኬሚካል የሚቀላቀልበትና የበዛው የሚታይበት ክፍል የተለያየ መሆን አለበት፤ በእያንዳንዱ ዙርም ባዶ መሆኑ የሚታወቅ ቱቦ አብሮ ይገባል። ባዶው ቱቦ «አለ» ካለ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይጣላል። በተቃራኒው ናሙናው በቂ ሥጋ ባይኖረውስ? ለዚህ የሰውየውን የራሱን ዲኤንኤ አብሮ መፈለግ የተለመደ ነው፤ የሰውየው ካልተገኘ የተሕዋሱ አለመገኘት ትርጉም የለውም። ሁለተኛው ጉድለት ፒሲአር ሕያውን ከሞተ አለመለየቱ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላም የተሕዋሱ ዘረመል በቆዳው ሊቆይ ስለሚችል «መድኃኒቱ ሠርቷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የሐኪሙ ዓይን አሁንም ይሻላል። ሦስተኛው መብራትና ቅዝቃዜ ነው። ኢንዛይሞቹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀመጥ ይፈልጋሉ፤ መብራት ለግማሽ ቀን የሚጠፋበት ከተማ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ቀላል የሆነ፣ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ምርመራ የለም ወይ? አንድ ተስፋ የተጣለበት ነበር። ከቁስሉ በተወሰደ ናሙና ላይ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ እርግዝና ምርመራ መስመር የሚያሳይ ፈጣን መመርመሪያ ለሌሎች ሀገራት ዝርያዎች ተሠርቶ በሀገራችን ሕመምተኞች ላይ ተፈትኗል። ውጤቱ አላስደሰተም፤ በሽታው ካለባቸው ሰዎች ያገኘው ከግማሽ በታች የሆኑትን ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በእስያ ወይም በላቲን አሜሪካ የሠራ መመርመሪያ በሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ ላይ ይሠራል ብሎ መግዛት አይቻልም፤ እዚሁ፣ በእኛው ሕመምተኞች ላይ መፈተን አለበት።

ላምፕ የሚባለው ሌላው ሞለኪውላዊ ዘዴም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ የፒሲአርን ማሞቅና ማብረድ አስቀርቶ በአንድ ቋሚ ሙቀት፣ በ65 ዲግሪ ገደማ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘረመሉን ያበዛል። ውድ ማሽን አይሻም፤ ሙቀቱን ጠብቆ የሚያቆይ ሣጥን ይበቃዋል። ውጤቱም በቱቦው ብርሃን ወይም ድፍርስነት በዓይን ይታያል። ለሌሽማኒያ የተዘጋጀው ዓይነት ግብዓቱ ደርቆ የሚመጣ በመሆኑ ያለ ማቀዝቀዣ ሊቀመጥ ይችላል። በወረዳ ሆስፒታል ደረጃ የሚታሰብ ዘዴ ካለ ይኸው ነው። ሆኖም ናሙናውን የሚያዘጋጅ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ የተበከለ ክፍልም ያሳስተዋል። ቱቦው ከበዛ በኋላ በላብራቶሪው ውስጥ ፈጽሞ መከፈት የለበትም የሚለውን ቀላል ደንብ የማያከብር ተቋም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉም ሕመምተኛ ቁንጭር አለበት ብሎ ቢጽፍ አይገርምም።

ለዚህ ጸሐፊ ግን ከማሽኑም ከኬሚካሉም የበለጠ ትኩረት የሚገባው ናሙናው ነው። በስለት መጫር በሠለጠነ ባለሙያ መሠራት አለበት፤ ልጅ ያለቅሳል፤ ዐይን አጠገብ ወይም ከንፈር ላይ ሲሆን ደግሞ ባለሙያውም ይፈራል። ለፒሲአር ግን ያን ያህል ሥጋ አያስፈልግም። ከቁስሉ ላይ ተለጥፎ የሚነሣ ክብ ማጣበቂያ፣ እጅግ ቀጭን መርፌ የመሰለ መሣሪያ፣ ወይም ጥቂት ጠብታ የሚመጥ የማጣሪያ ወረቀት ሊበቃ እንደሚችል በሀገራችንም የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ ዲኤንኤ በረዶ አይፈልግም፤ በደረቅ ፖስታ ለሳምንታት መቆየት ይችላል። እንግዲህ ፖስታው ውስጥ የስንዴ ቅጠል ሊጓዝ ከቻለ ይህም ይችላል።

መንገዱም ጭርሱን የሌለ አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የአክታ ናሙና ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በፖስታ አገልግሎት በኩል ወደ ተሻለ ላብራቶሪ የሚጓዝበት አሠራር በሀገራችን ተዘርግቷል። አክታ በቀዝቃዛ ሣጥን፣ በጥንቃቄ፣ በቀናት ውስጥ መድረስ ያለበት ተላላፊ ናሙና ነው። ከእሱ ጎን አንዲት የደረቀች ወረቀት መጫን የሚያስወጣው ተጨማሪ ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሚያስፈልገው የቲቢው ፕሮግራም ሣጥን ለቆዳ በሽታ ፕሮግራም ናሙና እንዲከፈት የሚፈቅድ መመሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማዕቀፍ የተዘነጉ የቆዳ በሽታዎች ሥጋ ደዌ፣ ቁንጭር፣ እከክና ሌሎችም በተናጠል ሳይሆን ተቀናጅተው እንዲመረመሩ ያሳሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ የጤና ባለሙያ አንድ ቆዳ ነው የሚያየው፤ ፕሮግራሞቹ ግን በየራሳቸው በጀትና ሪፖርት ተከፋፍለዋል።

ማሽኑስ? በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሊገባ ሲል የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር። ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ፒሲአር የሚሠሩ ላብራቶሪዎች በየክልሉ፣ በዩኒቨርሲቲዎችም ተቋቋሙ፤ ባለሙያዎችም ሠለጠኑ። ወረርሽኙ ሲረግብ የእነዚህ ላብራቶሪዎች ጫና ቀንሷል። ማሽኑ የኮሮናን ቫይረስ የሚፈልግ ማሽን አይደለም፤ የተሰጠውን ፕራይመር የሚከተል ማሞቂያና ብርሃን ቆጣሪ ነው። ፕራይመሩ ቢለወጥ ሌሽማኒያን ይፈልጋል። በጦርነቱ ወቅት በወሎና በሌሎች አካባቢዎች የጤና ተቋማትና ላብራቶሪዎች ላይ የደረሰው ውድመት መረሳት የለበትም፤ ሁሉም መሣሪያ ዛሬ ቦታው ላይ የለም። ቢሆንም በቀረው እንኳ መጀመር ይቻላል።

በቲቢ ምርመራ የተስፋፋው ጂን ኤክስፐርት ለዚህ ያገለግላል ወይ የሚል ጥያቄ ከባለሙያዎችም ይነሣል። ማሽኑ የሚሠራው በፋብሪካ በተዘጋጀ ዝግ ካርትሪጅ ነው፤ ካርትሪጁ ለቲቢና ገበያ ላላቸው ጥቂት ሌሎች በሽታዎች ተሠርቷል። ለቁንጭር የሚሠራለት ነጋዴ አልተነሣም፤ ገዥው ድሃ ነውና። እንደ ተራው ፒሲአር ፕራይመሩን ለውጦ መጠቀም አይቻልም።

እስካሁን በሀገራችን ለቁንጭር የሚደረገው ፒሲአር በአብዛኛው ከምርምር ፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል፣ በአዲስ አበባ የአርመወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ከአለርት ሆስፒታልና ከደሴ አጠገብ ካለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ጋር የተሠሩ ጥናቶች ዕውቀቱን አምጥተዋል። ፕሮጀክት ግን ማብቂያ ቀን አለው። ገንዘቡ ሲያልቅ ፕራይመሩ ያልቃል፤ ፕራይመሩ ሲያልቅ ምርመራው ይቆማል፤ ሕመምተኛው ወደ ማይክሮስኮፑ ይመለሳል። በተጨማሪም የምርምር ናሙና ውጤቱ መጽሔት ላይ ሲታተም እንጂ ናሙናውን የሰጠው ሰው ጋ በሳምንት ውስጥ እንዲደርስ የተሠራ አይደለም። ይህ የተመራማሪዎቹ ጥፋት አይደለም፤ የተመደበላቸው ሥራ ያ ነው። ግብዓቱ በመደበኛው የመድኃኒት አቅርቦት ዝርዝር እስካልገባ ድረስ ግን የቁንጭር ሞለኪውላዊ ምርመራ አገልግሎት ሊባል አይችልም።

ሁሉም ሕመምተኛ ፒሲአር ያስፈልገዋል ማለትም አይደለም፤ እንደዚያ ብሎ መጀመር ገንዘቡንም ላብራቶሪውንም ያደክማል። በማይክሮስኮፕ የታየ ቁስል ፒሲአር አይፈልግም፤ ወዲያው ሕክምና ይጀምር። ፒሲአር የሚፈለገው ማይክሮስኮፑ «አልታየም» ሲል፣ ሐኪሙ ግን ሲጠረጥር ነው። ሥጋ ደዌ ይሁን ቁንጭር ያጠራጠረው፣ አፍንጫው ውስጥ የገባው፣ አራት ሳምንት ተወግቶ ያልዳነው ይቅደም። ወረርሽኝ ወደተከሰተበት አዲስ ወረዳ የሚሄድ ቡድንም ዝርያውን ለመለየት ይጠቀምበት። በዚህ ስሌት ከኩታበር ወይም ከታች ጋይንት በወር ወደ ክልል ላብራቶሪ የሚሄደው የወረቀት ናሙና በአንድ ፖስታ የሚያልቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 ባስቀመጠው ፍኖተ ካርታ በሽታው ባለባቸው ሀገራት ከቆዳ ሌሽማኒያሲስ ሕመምተኞች 85 በመቶው ተገኝተው እንዲመዘገቡ፣ ከተመዘገቡት ደግሞ 95 በመቶው እንዲታከሙ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቁጥር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ጥቂት መዝግቦ ጥቂቱን ማከም ይቻላልና። የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ የሚጀምር፣ ቁስሉን አይታ የምትጠረጥር፣ ወረቀቱን የምታስነካ፣ ስምና ቀበሌ ጽፋ የምታሽግ ሴት ያስፈልጋል። ውጤቱ በስልክ መልእክት ወደ እሷ ይመለስ፤ ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት።

ይህ እስኪሆን ድረስ ለአንባቢ የሚጠቅም ጥቂት ነገር አለ። በፊት፣ በጆሮ፣ በእጅ ወይም በእግር ላይ ወጥቶ ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ፣ ብዙም የማያም፣ ጠርዙ ያበጠ ቁስል ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በተለይም ሽኮኮ በሚበዛበት ገደል አጠገብ የሚኖር ከሆነ ይህንኑ ለባለሙያው ይንገር። ቁስሉን በአሲድ፣ በፍም ወይም በሚያቃጥል ቅጠል ማከም ጠባሳውን ከማስፋቱ በላይ ናሙናውንም ያበላሻል። ቁስሉ መግል ከያዘ መጀመሪያ መግሉ መታከም አለበት፤ ናሙናው ከዚያ በኋላ ይወሰዳል። የማይክሮስኮፕ ውጤቱ «አልታየም» ከተባለና ቁስሉ ከቀጠለ ደግሞ ሕመምተኛው ናሙናው እንዲደገም፣ ወይም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል እንዲላክ መጠየቅ መብቱ ነው።